ያልነጋው ዓርብ

ከአፒያ ወደብ ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኙ ፎቅ ላይ፣
ቆርቆሮውን ዝናብ ሲቆላ፣ ኤሊዮታ እንቅልፍ ሳያይ
የሰበካውን ሙታን ከድሮ ደብተር ይቀዳል፤
ጨው የበላው ገጽ ደግሞ በነካው ቁጥር ይቀደዳል።
ሥራው ቀላል ነበር፦ የሰውን ስሙን፣ የሞተበትን ቀኑን
በድረ ገጽ ማኖር፣ ኦክላንድ ያለ ዘመድ እንዲያይ ወገኑን።

ፓይተን ቀን ሲያስረክብ ቀን አይመስልም መልኩ፤
ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ በልኩ
የተገጠገጠ ቁጥር፣ እንደ ዕቃ ማስረከቢያ፣
ለቅሶ የማያውቅ ነገር፣ የመጋዘን መለያ።
ቴምፕሌቱ ውስጥ ግን፣ በጥንድ ጥምዝ ቅንፍ መሐል፣
ከስሙ ቀጥሎ ቁም መስመር፣ ከመስመሩ ማዶ ይላል፦
“ቀኑን አስቀድም፣ ወሩን በቃል ጻፍ፣ ዓመቱን ሙሉ።”
አንድ ፊደል ብትስት ግን ሙታኑ ይታወካሉ።

ትንሿ ኤም ወር ናት፣ ትልቋ ኤም ደቂቃ፤
ኤሊዮታ በመጀመሪያው ሌሊት፣ በድካም፣ ሳይነቃ
ትልቋን ጽፎ ኖሮ፣ ያ ሁሉ የሰበካ ነፍስ
በዜሮኛው ወር ሞተ። ዲያቆኑ ደወለ፣ ስቆ እንባው እስኪፈስ፦
“አጎቴን ወር ነሣኸው፤ መቼ ላስታውሰው እንግዲህ?”
አንዲት ፊደል አሳነሰ። ወራቱ ተመለሱ ወዲህ።

ከዚያ የሀገሩን ስም ሰጣቸው፣ ከማቲ እስከ ኖቬማ፤
የመጨረሻውን ወር ሰዉ ሲጠራው “ቴሴማ”
ይለዋል።
በኔ ቋንቋ ጆሮ ግን ይህ ስም ወሬ ነው፤
የሆነ ነገር ተሰማ። ምን? ማን ሊነግረኝ ነው?

አንድ ከሰዓት ፉአቲኖ መጣች፣ ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ፣
ከባሏ ስም ጎን ያለውን ክፍት ቦታ ልታስሞላ፣ ፎቶውን ታቅፋ።
“ላፋኤሌ ሐሙስ ማታ ወጣ፣ ቴሴማ ሃያ ዘጠኝ፣
መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ። ‘በሩን አትዝጊው’ አለኝ።
ጀልባዋ ቅዳሜ ጠዋት መጣች፣ ብቻዋን፣ ውሃ ጠጥታ።
ይኸው ስንት ዓመት። ዓርብን ጻፍልኝ፣ ኤሊዮታ።”

ኤሊዮታ ዝም አለ። ያን ዓርብ ደሴቱ ሁሉ ያውቀዋል፦
በእነሱ ቁጥር ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ላይ በአዋጅ ተዘሏል።
ሀገሩ የቀን መስመር ሲሻገር፣
ሐሙስ የተኛ ሕዝብ ቅዳሜ ነቃ፣ ዓርብ መሐል መንገድ ሲቀር።
ማንም አልተወለደበት፣ ማንም ዳቦ አልገዛበት፣
ፀሐይ አልወጣችበትም፣ ዶሮም አልጮኸበት።

ኮዱ ውስጥም ኤሊዮታ ራሱ፣ ጠንቃቃ ነኝ ብሎ፣
ያን ቀን “የለም” ብሎ የሚመልስ ዘበኛ አቁሟል፣ ሁለት መስመር አክሎ።
ዘበኛው ቢነሣ ግን ፓይተን ዝም ብሎ ይቀበላል፤
አዋጁን አልሰማም እሱ፤ ሠላሳ ሃያ ዘጠኝን ይከተላል።

“ፉአቲኖ፣ ያ ቀን እኮ አልነበረም።”
“አውቃለሁ። እሱም ከዚያ ሌሊት ወዲህ የለም።
ሐሙስን እንዳትጽፍ፣ ሐሙስ ማታ ሲስቅ አይቼዋለሁ፤
ቅዳሜንም እንዳትጽፍ፣ ቅዳሜ ሻይ አፍልቼ ጠብቄዋለሁ።”

ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ አኖረች።
“ማንም የለበትም ብለሃል?”
“ማንም።”
“እንግዲያው አይጨናነቅም” አለች።

ሁለቱን መስመር አጠፋ። ገጹን አደሰ።
ዓርብ፣ 30 ቴሴማ 2011።
ነጠላ ሰረዙ ከቃሉ ትንሽ ርቆ ነበር፤ አንድ ክፍት ቦታ ቀነሰ።

ፉአቲኖ ወረደች። ጃንጥላዋ በሩ ሥር ቀረ፣ ውሃ እያንጠባጠበ።
ከታች ጎማ ጠጋኙ ደረሰኝ ሊጽፍ፣ “ዛሬ ስንት ነው ቀኑ?”
ብሎ ጮኸ፤ አንዱ ከስልኩ አነበበ።